ከመሠረታዊ ውትድርና ሥልጠና ሳይጠበቅ የተሰናበተ ልጅን መደገፍ፦ የድሬዳዋና የሐረር ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ ወደ መሠረታዊ ውትድርና ሥልጠና የሸኙት ልጅ ሥልጠናውን ሳይጨርስ ለተመለሰባቸው ወላጆች፣ አሳዳጊዎችና ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች የተዘጋጀ ነው። ልጁ የሠለጠነው በቅርባችን በሁርሶም ይሁን ራቅ ብሎ በብላቴ፣ በጦላይ ወይም በብር ሸለቆ፣ ቤት ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ቤተሰቡን የሚያስጨንቁት ጥያቄዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። ስንብት ልጁ በዚያ ወቅትና በዚያ የጤና ሁኔታ ሥልጠናውን መቀጠል እንደማይችል ኃላፊነቱ ባለው አካል የሚሰጥ ውሳኔ ነው። ስለ ልጁ ጀግንነት፣ ስለ አስተዳደጉም ሆነ ስለ ወደፊት ሕይወቱ የሚናገረው ነገር የለም። በጽሑፉ ውስጥ ለአነጋገር ቅለት «ልጁ» ብንልም ምክሩ ሴቶች ልጆችንም ይመለከታል፤ እነርሱን ብቻ የሚመለከት አንድ ጥያቄም ለብቻው ተመልሷል።

ልጃችን ሳይደውል፣ ሳይነግረን በድንገት መጣ። መጀመሪያ ምን እናድርግ?

አስገቡት፤ የሚታጠብበት ውኃ አቅርቡለት፤ አብሉት፤ አስተኙት። ከሁርሶ ድሬዳዋ ቅርብ ቢሆንም፣ ከጦላይ ወይም ከብር ሸለቆ የተነሣ ልጅ ቀናት የፈጀ የአውቶቡስ ጉዞ አንገላቶት፣ በመንገድ ላይ «ቤተሰቤን ምን ብዬ ነው የማየው?» እያለ ሲብሰለሰል ቆይቶ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ «የሚያምህ ቦታ አለ?» እና «የሰጡህ ወረቀት አለ?»። «ምን አድርገህ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን፣ በቀና ልብ ቢጠየቅም እንኳ፣ ጥፋቱን አስቀድሞ በልጁ ላይ የሚያሳርፍ በመሆኑ ጨርሶ ባይነሣ ይሻላል።

ዘመድ አዝማድ ሰምቶ ለመጠየቅ መምጣቱ አይቀርም። ደግነት ቢሆንም ልጁ ገና ለራሱ ያልመለሰውን ጥያቄ በእያንዳንዱ እንግዳ ፊት እንዲመልስ ያስገድደዋልና፣ ለጥቂት ቀናት «ደህና ነው፤ ደክሞታል፤ ሲያርፍ ራሱ መጥቶ ይጠይቃችኋል» ብላችሁ አዘግዩ።

የተሰናበተበትን ምክንያት አይነግረንም። አጥብቀን እንጠይቀው?

አታጨናንቁት። ዝም ያለው የሚደብቀው ነገር ስላለ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እርሱም ምክንያቱን በሚገባ አልተረዳውም። አንድ ቀን ጠዋት ስሙ ተጠርቶ፣ ከጋንታው ተለይቶ፣ ዕቃውን አስረክቦ፣ አብረውት ሲሮጡና ከአንድ ድስት ሲበሉ የከረሙትን ጓደኞቹን ሳይሰናበት መኪና ላይ የወጣ ልጅ፣ የሆነውን ነገር በቃላት ለማስቀመጥ ጊዜ ይፈልጋል። ያጣው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ጓደኞቹን፣ የቀኑን ሥርዓትና ለራሱ የሰጠውን አዲስ ስም ጭምር ነው።

ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲመረመሩ ይዘጋሉ፤ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ነገር እየሠሩ ሲጫወቱ ግን ይከፈታሉ። ሙቀቱ በረድ ሲል በከዚራ ዛፎች ሥር አብሮ መራመድ፣ ወይም እናት ቡና ስትቆላ አጠገቧ መቀመጥ፣ ከማናቸውም የቤተሰብ ስብሰባ የተሻለ ዕድል ይሰጣል። ማውራት ሲጀምር አታቋርጡት፤ ምክርም አታክሉበት። «ከዚያስ?» የሚለው ቃል ብቻውን ረጅም መንገድ ይወስዳል። ከቤተሰቡ መካከል ልጁ የሚቀርበው አንድ ሰው፣ ምናልባትም አጎቱ ወይም ታላቅ እህቱ፣ ይህንን ሥራ ከወላጆቹ ይልቅ በተሻለ ሊሠራው ይችላል፤ ይህ ሲሆን ወላጆች ቅር ሊላቸው አይገባም።

ሠልጣኞች አብዛኛውን ጊዜ በምን ምክንያት ይሰናበታሉ?

በምልመላ ወቅት የሚደረገው የጤና ምርመራ ሁሉንም አይይዝም፤ ከባድ የአካል እንቅስቃሴ ሲጀመር ግን ተደብቆ የቆየው ይወጣል። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ችግር፣ ቡአ፣ የዓይንና የጆሮ ድካም፣ በሩጫና በሸክም የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ፣ በሙቀት መመታት፣ እንዲሁም ከፍተኛ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት የታወቁ ምክንያቶች ናቸው። ከጤና ውጭ ደግሞ የሰነድ ጉድለት፣ የዕድሜ አለመሟላት ወይም የዲሲፕሊን ጉዳይ ሊኖር ይችላል። ልጁ «ቦርድ ወጣሁ» ካለ፣ የሕክምና ቦርድ አይቶት ለሥልጠናው ብቁ እንዳልሆነ ወስኗል ማለቱ ነው።

ሐኪም ዘንድ መውሰድ ያስፈልጋል? ደህና ነኝ ይላል።

ያስፈልጋል፤ ደህና ቢመስልም ጭምር። ሠልጣኝ ሕመምን ችሎ ማለፍን እንደ ግዴታ ተምሮ የመጣ ነው፤ «ደህና ነኝ» የሚለው ቃሉም ሥልጠናው ካስለመደው ነገር አንዱ ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል፣ አለዚያም በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የት ሠልጥኖ እንደመጣና መቼ ከዚያ እንደወጣ ለሐኪሙ መንገርን አትርሱ፤ የምርመራውን አቅጣጫ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይኸው መረጃ ነው።

ለምሳሌ ትኩሳትን እንውሰድ። የማሠልጠኛ ካምፖች ብዙዎቹ በቆላ አካባቢ ስለሚገኙ፣ በወባ ትንኝ የተነደፈ ልጅ ምልክቱ የሚታይበት አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 30 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ማለትም ቤቱ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ያገረሻል። ስለዚህ የሚያተኩሰውን ልጅ «የመንገድ ድካም ነው» ብሎ ማስተኛት አደገኛ ነው፤ የደም ምርመራ በዚያው ቀን ይደረግለት። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ የታየባት ከተማ እንደመሆኗ፣ ምርመራ ሳይደረግ ለትኩሳትና ለቁርጥማት አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መስጠት ተገቢ አይደለም፤ ደንጊ ከሆነ ደም የማፍሰስ አደጋን ይጨምራሉና። እስኪመረመር ድረስ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ቀጥሎ እግሩን እዩ። ካልሲውን አስወልቃችሁ የተላጠውንና የጠቆረውን ጥፍር ካያችሁ በኋላ፣ በአውራ ጣታችሁ የቅልጥሙን አጥንት ከጉልበቱ በታች ጀምራችሁ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀስ እያላችሁ ተጫኑ። እግሩ በሙሉ ሳይሆን አንዲት የጣት ስፋት ያላት ቦታ ላይ ስትደርሱ ፊቱን ከቋጠረ፣ ሕመሙም ሲራመድ የሚብስ፣ ሲያርፍ የሚቀንስ ከሆነ፣ የአጥንት ስንጥቅ መኖሩን መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ የተመለሰ ልጅ ሕመሙ ካልተወው ዳግመኛ መታየት አለበት። አብዛኛው ስንጥቅ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት በሚደርስ ዕረፍት ይድናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ኳስ ልጫወት፣ ሩጫ ልጀምር ቢል ከልክሉት፤ ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸትም ስንጥቁን ሊያባብሰው ይችላል።

በሙቀት ተመቶ የወደቀ ልጅ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የሐረር ልጅ በወይናደጋ አየር አድጎ በድንገት ወደ ሁርሶ ቆላ ሲወርድ፣ ሰውነቱ ሙቀቱን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ገደማ ያስፈልገዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጠንካራ ሩጫ ከተጫነበት የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊወጣና ራሱን ሊያስተው ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ልጅ ሐኪም እስኪፈቅድለት ድረስ በድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ የጉልበት ሥራ መሥራት የለበትም። ሽንቱ እንደ ኮካ ወይም እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ የጡንቻ መጎዳት ኩላሊቱን እያስጨነቀ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይወሰድ።

ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ካለ የቲቢ ምርመራ ይደረግለት፤ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቦታ ቲቢ በቀላሉ ይተላለፋል። ከተኩስ ልምምድ በኋላ ጆሮው የሚጮህበት ከሆነም ንገሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆናችሁ ቤተሰቦች፣ 18 ዓመት የሞላው ልጃችሁ በእናንተ መታወቂያ ሥር መካተት አለመካተቱን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ምን ዓይነት ወረቀት ሊኖረው ይገባል? ከሌለውስ?

ማኅተምና ፊርማ ያለው የስንብት ወይም የመሸኛ ደብዳቤ ዋናው ነው። በጤና ምክንያት ከሆነ የቦርዱ ውሳኔና የምርመራ ውጤቶቹ፣ የተረከበውን ንብረት ማስረከቡን የሚያሳየው ክሊራንስ፣ እንዲሁም ሲመለመል ያስረከበው ኦሪጅናል የትምህርት ማስረጃ አብረው መመለስ አለባቸው። ሁሉንም ፎቶ ኮፒ አድርጉ፤ በስልክም ፎቶ አንሡአቸው፤ ኦሪጅናሉን ለማንም አትስጡ።

ወረቀት ሳይዝ ከመጣ አትዘግዩ። ልጁን ይዛችሁ ወደ ተመለመለበት የቀበሌ ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ስሙን፣ የተመለመለበትን ጊዜ፣ የሠለጠነበትን ቦታና የተሰናበተበትን ቀን ጠቅሳችሁ የስንብት ማስረጃ እንዲላክላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገቢ መደረጉን፣ ቁጥርና ቀን የተጻፈበት ቅጂም በእጃችሁ መቅረቱን አረጋግጡ። ይህ ወረቀት ዛሬ አስፈላጊ መስሎ ባይታይም፣ ነገ ሥራ ሲያመለክት፣ መታወቂያ ሲያሳድስ ወይም በኬላ ላይ ሲጠየቅ ዋጋው ይታወቃል።

ፈቃድ ሳያገኝ ጥሎ መምጣቱን ነገረን። ምን እናድርግ?

ይህ ከስንብት የተለየ ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከሠራዊት መኮብለልን በወንጀልነት ስለሚደነግግ፣ ልጁን ዘመድ ቤት መሸሸግ ችግሩን ከማራዘም በቀር አይፈታውም። መጀመሪያ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ጠበቃ ለመክፈል አቅም የሌለው ቤተሰብ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ በአካባቢው የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ልጁ ከሚያምነው የቤተሰብ ሽማግሌ ጋር ሆኖ ሪፖርት ማድረጉ፣ ተይዞ ከመቅረቡ የተሻለ ነው። ጥሎ የወጣው ስለታመመ፣ ስለተደበደበ ወይም ዕድሜው 18 ሳይሞላ ስለገባ ከሆነ፣ የሕክምናና የልደት ማስረጃውን ሰብስባችሁ ለሕግ ባለሙያው አስቀድማችሁ አሳዩ።

የሠፈሩ ሰው «ተባረረ»፣ «ከዳ» እያለ ያወራል። ምን እንመልስ?

አጭር፣ እውነተኛና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ መልስ አዘጋጁ። «በጤና ምክንያት ተሰናብቶ ነው፤ አሁን እየታከመ ነው» የሚለው ይበቃል። የሕመሙን ዓይነት የመናገር ግዴታ የለባችሁም፤ ለመናገርም ቢሆን የልጁ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው ቤተሰቡ ራሱ የሚፈጥረው ልዩ ልዩ ታሪክ ነው። እናት «ዕረፍት ተሰጥቶት ነው» ብላ፣ አባት «ወደ ሌላ ካምፕ ሊዛወር ነው» ብሎ፣ ታናሽ ወንድም ደግሞ ለጓደኞቹ እውነቱን ቢናገር፣ ልጁ ከቤት በወጣ ቁጥር የትኛውን ታሪክ እንደሚደግፍ ሲጨነቅ ይኖራል።

ልጁን ከሰው ዓይን መሰወርም አይረዳም። አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ «ወሬው እስኪበርድ» የተላከ ልጅ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፦ ቤተሰቡ አፍሮበታል። ይልቅስ ከሳምንት በኋላ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ይዞት መጋላ ቢወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አብሮት ቢሄድ፣ እድር ላይ አብሮ ቢቀመጥ፣ የሠፈሩ ሰው የቤተሰቡን አቋም በዓይኑ ያያል። ወሬ የሚያንሠው ከዚህ በኋላ ነው።

አባቱ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ልጁ ከመጣ ጀምሮ አላናገሩትም።

በእኔ እምነት ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ የጎረቤት ወሬ የማያቆስለውን ያህል የአባት ዝምታ ያቆስላል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ሥር አለው። ሐረር በ1950ዎቹ ከሕንድ በመጡ መምህራን መኮንኖች ያሠለጠነው የጦር አካዳሚ የነበረባት፣ የሦስተኛ ክፍለ ጦር መቀመጫ የነበረች፣ ዛሬም የምሥራቅ ዕዝ የሚገኝባት ከተማ ናት። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋና ሐረር ደጃፍ ሲደርስ የተዋደቁ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም በዚሁ ይኖራሉ። የአባት ወይም የአያት የደንብ ልብስ ፎቶ ግድግዳ ላይ በተሰቀለበት ሳሎን ውስጥ ለሚቀመጥ ተሰናባች ልጅ፣ ፎቶው ራሱ የሚወቅሰው ይመስለዋል።

ለአባቶች በአክብሮት የምንለው ይህ ነው። እርስዎ በሠራዊቱ ውስጥ በኖሩባቸው ዓመታት በጤና የተሰናበቱ ጥሩ ጓደኞች ነበሩዎት፤ ያኔ ፈሪ አላሏቸውም። ለልጅዎም ያንኑ ሚዛን ይጠቀሙ። ሳቢያን የሚኖሩ አንድ የማውቃቸው ጡረተኛ ልጃቸው በተመለሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያደረጉት ነገር ከማናቸውም ምክር የበለጠ ያስተምራል። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖሩትን፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ የራሳቸውን የቦርድ ወረቀት አውጥተው ከልጃቸው ወረቀት አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ የራሳቸውን፣ ቀጥሎ የልጃቸውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበታቸው ቁስል ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩት። ልጁም ስለ ደረቱ ሕመም ተናገረ።

እንዲህ ያለ ወረቀት የሌላቸው አባቶችም ቢሆኑ «ሄደህ ሞክረሃል፤ ይህንን አውቃለሁ» ማለት አያቅታቸውም። ቃሉን መናገር ከከበዳቸው አብረው ምሳ ይቅረቡ፤ በዚያ ይጀመራል።

የተመለሰችው ሴት ልጃችን ናት፤ ሰው «አርግዛ ነው» ይላል።

እንዲህ ያለውን ወሬ ለማስተባበል ተብሎ ልጅቱን በግድ ማስመርመርም ሆነ ውጤቱን ለሰው ማሳየት ክብሯን የሚነካ ነውና አታድርጉት። የተሰናበተችበትን ምክንያት እንደ ወንድሟ ሁሉ ከወረቀቷና ከእርሷ አንደበት ተቀበሉ። ሆኖም ከእናቷ ወይም ከምታምናት ሴት ጋር ብቻዋን ሆና የምትናገርበት ጊዜ ሊኖራት ይገባል፤ የደረሰባት ጥቃት ካለ የምትናገረው በዚህ መንገድ ነው። ጥቃት ደርሶባት ከሆነ በትልልቅ ሆስፒታሎች የሚገኘው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናን፣ የሥነ ልቡና ድጋፍንና የሕግ ክትትልን በአንድ ቦታ ይሰጣል። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት፣ ጊዜው ካላለፈ ሌላው ሁሉ ቆይቶ እርሱ ይቅደም። ጊዜው ቢያልፍም ቀሪው አገልግሎት ያስፈልጋታልና ከመሄድ አትከልክሏት።

ሌሊት 10 ሰዓት ይነቃል፤ ቀን ደግሞ ከበርጫ አይነሣም።

ሌሊት መንቃቱ አያስደንግጣችሁ። ሰውነቱ ገና በካምፑ ሰዓት ላይ ነው፤ አንሶላውን ወጥሮ አንጥፎ፣ ጫማውን አልጋው ሥር አስተካክሎ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ብታገኙት፣ ከሥልጠናው ያመጣውን መልካም ልማድ እያሳያችሁ ነው። አታፍርሱት። በዚያ ሰዓት የሚሠራው ነገር ስጡት፤ ዳቦ ይግዛ፣ ውኃ ይቅዳ፣ ታናሾቹን ትምህርት ቤት ያድርስ።

ጫቱን በተመለከተ በአካባቢያችን ልማዱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ እናውቃለን፤ ስብከትም ልጁን ወደ በርጫው ይገፋዋል እንጂ አያርቀውም። ግን እውነቱ መነገር አለበት። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፤ ምርቃናው ሲወርድ የሚከተለው ድብርት ደግሞ ቀድሞውኑ ላዘነ ልጅ እጅግ ከባድ ነው፤ በላዩ ለጨብሲ መጠጥ ሲጨመርበት ይብሳል። የከሰዓቱን ባዶ ሰዓት የሚይዝ ሥራ ወይም ትምህርት ማግኘት ከክልከላ ይልቅ ይሠራል። ሰው የሚከተለው መስሎት መደንገጥ፣ የሌለ ድምፅ መስማት ወይም ለቀናት አለመተኛት ከታየበት ግን ይህ የልማድ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ ሐኪም ይየው።

ራሱን እንዳይጎዳ እንፈራለን።

ፍርሃታችሁን አክብራችሁ ተቀበሉት። ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን የሚያዝን፣ ምግብ የሚያስጠላው፣ ንብረቱን ለሰው የሚያከፋፍል፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ወይም «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ልጅ አፋጣኝ እርዳታ ያስፈልገዋል። በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ለመጉዳት ታስባለህ?»። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣበታል የሚለው ፍርሃት ትክክል አይደለም፤ ብዙዎች ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። «አዎ» ካለ አትቆጡት፣ አታስምሉት፣ ብቻውንም አትተዉት፤ ለጫትና ለአትክልት የሚረጨውን ፀረ ተባይ፣ በቤት ያለውን መድኃኒትና የጦር መሣሪያ ከቤት አውጡ ወይም ቆልፉ፤ በዚያው ቀንም ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። ጸሎቱ፣ ጠበሉና ዱዓው ከሕክምናው ጎን ይቀጥል፤ የታዘዘለት መድኃኒት ግን በምንም ምክንያት አይቋረጥ።

«እዚህ ከምቀመጥ በጅቡቲ አድርጌ ዓረብ አገር እገባለሁ» ይላል።

ይህንን ንግግር እንደ ብስጭት ብቻ አትውሰዱት። ከድሬዳዋ ተነሥቶ በጅቡቲ በረሃ፣ ከዚያም ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን የሚወስደው መንገድ በውኃ ጥም፣ በጀልባ መስጠምና ገንዘብ ለማስከፈል በሚደረግ እገታ ብዙ ወጣቶች ያለቁበት መንገድ ነው። ደላሎች ደግሞ የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን፣ ያፈረና የቸኮለ፣ ጉልበትም ያለው ልጅ ነው። ከጓደኞቹ መካከል ከደላላ ጋር የሚገናኝ ማን እንደሆነ እወቁ፤ በስልክ የሚደርሰውን ተስፋም አብራችሁ መርምሩ። ከሁሉ በላይ ግን ልጁ የሚሸሸው ድህነትን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ፊት ነውና፣ ቤቱ ሲቀበለው የመሄድ ጥድፊያው ይቀንሳል።

እንደገና ማመልከት ይችላል?

የሚወሰነው በተሰናበተበት ምክንያት ነው። የሚድን ስብራት ያለበትና የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ አንድ አይደሉም። ወረቀቱ ላይ ስንብቱ ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው መሆኑ ካልተገለጸ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በሚቀጥለው የምልመላ ማስታወቂያም የተቀመጠውን የዕድሜ ጣሪያ ተመልከቱ። ሕመሙን ደብቆ በሌላ ከተማ መመዝገብ ግን ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። «ገንዘብ ከከፈላችሁ አስገባዋለሁ» የሚል ሰው አጭበርባሪ ነው። ልጁ ራሱ ሳይጠይቅ ደግሞ «በሚቀጥለው ዙር ትገባለህ» እያላችሁ አታጽናኑት፤ ያልተጨበጠ ተስፋ ሌላ መንገድ እንዳይፈልግ ያስረዋል።

ትምህርት ይቀጥል ወይስ ሥራ ይያዝ?

አካሉ ካገገመ በኋላ ከሁለቱ አንዱን በቶሎ ቢጀምር ይመከራል፤ ያጣው ትልቁ ነገር የቀን ሥርዓት ነውና። 12ኛ ክፍልን ያልጨረሰ በማታ ትምህርት ሊቀጥል ይችላል። እጁ ወደ ሙያ የሚያዘነብል ልጅ ድሬዳዋ በሚገኘው የኢትዮ-ኢጣሊያ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ወይም በሐረር ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ምዝገባውን ይጠይቅ፤ ሠልጥኖ የሙያ ብቃት ምዘናውን ሲያልፍ በእጁ የሚያዘው የምስክር ወረቀት ያቋረጠውን ሥልጠና የሚያካክስ ኩራት ይሰጠዋል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣናና በአካባቢው ያሉ ፋብሪካዎች የቅጥር ማስታወቂያ ሲያወጡም ይከታተል። ቀጣሪ ስለ ውትድርናው ከጠየቀው «በጤና ምክንያት ተሰናብቻለሁ፤ ለዚህ ሥራ የሚያግደኝ ነገር የለም» ብሎ ወረቀቱን ማሳየትን ቤት ውስጥ ቢለማመድ አይጎዳውም።

ባጃጅ መንዳት ብዙዎች የሚመርጡት ነገር ነው፤ የሚጥል በሽታ ወይም የዓይን ችግር ይዞ የተሰናበተ ልጅ ግን ሐኪም ሳይፈቅድለት መሪ መያዝ የለበትም።

አብረውት የገቡት የሚመረቁበት ቀን ደርሷል። ቴሌቪዥኑን እንዝጋው?

አትዝጉት፤ ልጁ በስልኩ ማየቱ አይቀርም፤ ብቻውን ከሚያይ አብራችሁ ብታዩ ይሻላል። ማየት ካልፈለገም ያንን ቀን ከከተማ ወጣ ብሎ ዘመድ የሚጠይቅበት አድርጉለት። ለጓደኞቹ ደውሎ እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት ከፈለገ አበረታቱት፤ ብዙዎቹ በምን ሁኔታ እንደወጣ ስለማያውቁ እነርሱም ሲጨነቁለት የከረሙ ናቸው።

ስንሸኘው ዘመድና ጎረቤት ገንዘብ ሰጥተውት ነበር። መመለስ አለብን?

አይመለስም። የተሰጠው ለመንገዱ ስንቅና ለምርቃት እንጂ ለውጤት ዋስትና አልነበረም፤ ሰጪውም ቢመለስለት ቅር ይለዋል። ልጁ ከተጠናከረ በኋላ ግን፣ በተለይ አዛውንቶቹ ጋ፣ ራሱ ሄዶ «መጥቻለሁ» ብሎ ጉልበት ቢስም ተገቢ ነው። ከእናንተ አንዳችሁ እስከ በሩ አድርሱትና፣ ንግግሩን ለእርሱ ተዉለት።